ውሃ ለመግባት የሚለበስበት ዘመን

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ሰጥቶን ይህንንም አየን። ድሮ ሰው ውሃ ሊገባ ሲል ልብሱን ያወልቅ ነበር። ዛሬ ውሃ ሊገባ ሲል ልብስ ይገዛል። ያውም ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ቀለም አማርጦ፣ ውስጡ የተሰፋችውን ጽሑፍ በመነጽር አንብቦ። ከቤቱ በካናቴራ ይወጣል፤ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ካናቴራውን ያወልቅና ሌላ ካናቴራ ያጠልቃል። ምነው ቢሉት «ያ የየብስ ነው፣ ይኼ የውሃ ነው» ይላል። እኔ አንዲት እጀ ጠባብ ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለገበያም ለብሼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህን የምችልበትን ትዕግሥት ከወዴት ላምጣው?

የምኖረው አሽቀሎን ነው። እዚህ ደሊላ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ልብ በሉ፤ ወዳጇን አስላጭታ አሳልፋ ለሰጠች ሴት ባሕር ዳርቻ ይሰየምላታል። የልጄ ልጅ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ቁጥር ከቁመቱ የሚረዝም ጣውላ በብብቱ ይዞ ወደዚያው ነው። ሞገድ ሲመጣ ጣውላው ላይ ይቆማል፤ ሞገዱ ይጥለዋል፤ ተነሥቶ ይሄድና እንደገና እስኪጥለው ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነው። ዞር ይልና ደግሞ «ሳባ፣ አንተ ቦርሳዬን ያዝልኝ» ይለኛል፤ ሳባ በዚህ አገር ቋንቋ አያት ማለት ነው። አንተ! ለአያቱ! አንቱታን ከጎንደር ይዘነው ተነሥተን ነበር፤ የት ላይ ከእጃችን እንደወደቀ እንጃ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንመጣ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተጨናንቀን፣ አንድ ሰው አላጉረመረመም። እኔማ ጭራሽ። ባለቤቴ ሌላ ትላለች፤ ተዉአት።

ለመሆኑ ይህን የጣውላ ግልቢያ እዚህ አገር ያመጣው ማን ይመስላችኋል? ሐኪም ነው! ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 ጣውላውን ይዞ ቴል አቪቭ ባሕር ዳር ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሩ ወጣት ልቡ ከየብስ ወጥቷል። ሐኪም እኮ ምላስህን አውጣ፣ አፍህን ክፈት፣ መርፌህን ውሰድ የሚል ነው። የእኛ ዘመን ሐኪም ደስታ የሚባል ነገር አያዝም ነበር፤ ለዚህ ነው ይከበር የነበረው።

እኛ ቤተ እስራኤሎች መቼም በውሃ ማንም አያስተምረንም። መንደራችንን የምንቆረቁረው ወንዝ ተጠግተን ነበር፤ የመንጻት ሥርዓታችን ያለ ውሃ አይሆንምና። ጎረቤት «እነሱ ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ብሎ ሲያማን እንኳ ደረታችንን ነፍተን እናልፋለን። ታዲያ ማን የውሃ ልብስ ለበሰ? ማንም! የእኛ ወንዝ ውሃው ጠዋት ለብ፣ ማታ ለብ፣ በሐምሌ ዝናብ ሳይቀር ለብ ያለ ነበር። ድንጋዩ እግር አይቆረቁርም። አልቅቱም ቢሆን ጨዋ ነው፤ ሲጠግብ ሳይነግሩት ይወርዳል። በሽታ የሚሉት ነገር አልነበረም። ቢልሃርዝያ ነበረ የሚሉ አሉ፤ ቢኖርስ! እናቶቻችን ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ በሽታውን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ እዚያው ይሞታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ይህንኑ አስተውሎ ነው ለዓለም ያሳወቀው። ፀሐይዋም ብትሆን ያኔ ዘመድ ነበረች፤ ሰው አታቃጥልም። በቀትር ግን ማንም ሰው ውሃ አይገባም፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ዋርካ ሥር ይተኛል።

የዛሬ ልጆች ቆዳ ግን ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም። አንድ በጋ ልጁ ከባሕር ሲመለስ ሆዱና ደረቱ ኮርቻ እንደላጠው የበቅሎ ጀርባ ሆኖ መጣ። ምንድን ነው ብል፣ ጣውላው እግር እንዳያንሸራትት ሰም ይቀባል አለኝ። ሰሙ ላይ አሸዋ ይለጠፋል። ልጁ እዚያ ላይ በሆዱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ሞገዱን ሊቀድም ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጨው፣ አሸዋና ሰም ሦስቱ ተባብረው ብብቱን፣ ሆዱን፣ ጡቱን ይፍቁታል። እኔም የአገር ቤት ቅቤ አወጣሁና ቀባሁት። ጩኸቱ ጎረቤት አስወጣ። በእኛ ጊዜ ልጅ ቅቤ ሲቀባ ያመሰግን ነበር።

እናቱ «አባባ፣ ቅቤውን ተወውና ላይክራ ግዛለት» አለችኝ። ላይክራ የሚሉት ያንን የባሕር እጀ ጠባብ ነው። አውስትራሊያ ያሉ ጣውላ ጋላቢዎች ከፀሐዩም ከመፈቅፈቁም የሚከለክል ብለው ለብሰው ያስለመዱት ነው አሉ። ክሩን የፈለሰፈው ግን ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል የዱፖንት ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958። ተመልከቱ፤ ሰው ተምሮ ተምሮ የሚለጠጥ ክር ይሠራል። የእኛ ሸማኔ የሠራው ጥበብ አይለጠጥም። አንተ ነህ ለልብሱ የምትመጠነው እንጂ እሱ ለአንተ አይመጠንም፤ ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

ሱቁ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሻጩ ሁለት ጆሮውን የተበሳ ጎረምሳ ነው። «የምትፈልገው ለጣውላ ነው ወይስ ለዋና?» አለኝ። ልብስ ስገዛ ወዴት እንደምሄድ ተጠይቄ አላውቅም! ለጣውላ ከሆነ ቆዳ ላይ ጥብቅ የሚለው ነው አለ፤ ሰፊው ውሃ ይሞላዋል፣ ስትወድቅ ተጠቅልሎ አንገትህ ላይ ይወጣል፣ እጥፋቱም ራሱ መልሶ ይልጥሃል። ለተራ ዋናና አሸዋ ላይ ለሚውል ሕፃን ላላ ያለው ይበቃል። ከዚያ ልካው አለኝ። ለልጁ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ ልጁ የእኔን ግማሽ ቢያክልም ልኩን በእኔ ማየት ይሻላል ብዬ ለበስኩት። ሁለት እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ፣ አሁን ጎንበስ ብለህ ቅዘፍ አለኝ። ሱቅ መሀል አየር ቀዘፍኩ። ስትቀዝፍ ከወገብህ ተነሥቶ እምብርትህን ካሳየ አጭር ነው፤ ብብትህን ከያዘህ ጠባብ ነው፤ አንገትህን ካነቀህ ተወው፣ ውሃ ውስጥ ይብስበታል። ያ ልጅ ጆሮውን ባይበሳ ኖሮ ጥሩ ሽማግሌ ይወጣው ነበር።

ስፌቱን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ዳስሱ። ጠፍጣፋ ካልሆነ አትግዙ፤ ቆዳን ከመላጥ ሊከላከል የተገዛ ልብስ በስፌቱ ሲልጥ እንዴት ያናድዳል! በተለይ ብብት ሥር ወፍራም ስፌት ያለበትን ነገር እኔ በነፃም አልወስድም። ከፊት ከታቹ ትንሽዬ ማቆላለፊያ ያላቸው አሉ፤ ከቁምጣው ገመድ ጋር ታስራላችሁ፣ ሞገድ ቢያንከባልላችሁም ልብሱ ከወገብ አይነሣም። የአገራችን መቀነት ይህን ሁሉ ሥራ ያለ ማቆላለፊያ ይሠራ ነበር፤ ሞገድ ግን አላጋጠመውም።

ጨርቁን በተመለከተ ደግሞ ሰው ሁሉ ኬሚስት ሆኗል። ናይለን ከሚለጠጠው ክር ጋር የተቀላቀለው ለስላሳ ነው፣ ከሰውነት ጋር ይሄዳል፤ ለባሕር ጥሩ ነው። ፖሊስተር የሚበዛበት ደግሞ ትንሽ ደረቅ ይላል እንጂ ክሎሪንን ይችላል። የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል። ባለቤቴ ለጉልበቷ ብላ ገንዳ የምትሄደው በናይለኑ ነበር፤ ሳይቆይ ክርኑ ላይ ወርዶ፣ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ የሌላ ሰው ልብስ መሰለ። ነገርኳት፤ አልሰማችም። እኔን የሚሰማኝ ማን አለ?

ከሁሉ ከሁሉ ያስገረመኝ ቁጥሩ ነው። አንገቱ ላይ «ዩፒኤፍ 50+» ይላል። የፋብሪካው ቁጥር ይሆናል ብዬ ነበር። ለካ የፀሐይ ሒሳብ ነው! 50 ማለት ከሚያቃጥለው ጨረር ከ50 እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 መለኪያውን አውጥተውለታል። ሰው ሥራ ሲፈታ ጨርቅ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያሳልፍ ይለካል። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ስንት ነው ብዬ ጎረምሳውን ጠየቅሁት፤ ደርቆ ሳለ ከ10 በታች፣ ሲርስ ደግሞ ከዚያም ዝቅ አለኝ። ለዓመታት እርጥብ ካናቴራ ለብሰን ተሸፍነናል ስንል የነበርን ሰዎች እንግዲህ ተሸፍነን አልነበርንም። አራት ድርብ ጋቢስ ብለው መልስ አጣ። ትምህርታቸው እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች» ይላል። ዝም ብሎ ማውራት ነው። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው፤ ሙሉ ጋሻ ግን አይደለም፣ ይቃጠላልም፣ ይጎዳልም። እንዲህ የሚሉትን ሰዎች አልወዳቸውም፤ ድሮን ያለ ልክ ያሞግሳሉ።

ቀለም ምረጥ ተባልኩ። ነጭ አልኩ፤ የአባቶቼ ቀለም ነው። ነጭ ሲርስ ገላን ያሳያል አለኝ። እሺ ሰማያዊ አልኩ፤ ባሕሩ ሰማያዊ ስለሆነ ብትሰጥም ጠባቂው አያይህም አለኝ። ይህኛው እውነት ነው፤ ለልጆቻችሁ ውሃ ውስጥ የሚጠፋ ቀለም አትግዙ። ባሕር ጠባቂው እንደሆነ ማማው ላይ ተሰቅሎ በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ይውላል፤ ያንን ጩኸት ማን ላይ እንደሚያወርደው በቀለም ነው የሚያውቀው። የቀረው ብርቱካናማ ነበር። በእኛ ጊዜ ጎልማሳ ሰው ብርቱካናማ ለብሶ አደባባይ ቢወጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረው ነበር። ሁለት ገዛሁ። ዋጋው ይዘገንናል፤ ለዚያ ነው አንዱ ቢያልቅ ብዬ ሁለት ያደረግሁት።

እጅጌው ረጅም ይሁን። አጭሩን የሚገዛ ሰው ክንዱን ለፀሐይ ሽጦ ነው። አንገቱም ከፍ ያለው ይሻላል፤ ቀዝፎ የሚሄድ ሰው ጀርባውና ማጅራቱ ለፀሐይ የተሰጠ ነው። ልብሱ ያልሸፈነው ፊት፣ እጅ፣ ማጅራት፣ የእግር ጀርባ ቅባት ይፈልጋል። ቅባቱም በዛሬ ጊዜ መዘዝ አለው፤ ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸውን ቅባቶች የባሕሩን ኮራል ይጎዳሉ ብላ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ላይክራው ገላውን በሸፈነ መጠን የሚቀባው ያንሳል፤ ቅባትም በዋጋው ቅቤን አልፏልና ይህን ልብ በሉ።

ስለ ሜዱዛም ልናገር። ያቺ ዝልግልግ፣ አጥንት የሌላት፣ ክሯን እየጎተተች የምትዞር ጉድ። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፈተ፤ በዚያው መንገድ ከቀይ ባሕር በኩል ዘልቀው አሁን በየበጋው በመንጋ እየመጡ የዚህን አገር ዳርቻ ይሞሉታል። በር ሲከፈት ማን እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ የቀረው ያኔ ነው። ላይክራ የሸፈነው ቆዳ ላይ ክሯ አይደርስም፤ ያልሸፈነውን ግን ምን እንደምታደርገው አንገቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አውቄዋለሁ። የተበጠሰ ክሯ ልብሱ ላይ ተለጥፎ ቢቀር እንኳ ይናደፋል። ስለዚህ ከማውለቃችሁ በፊት እዚያው በባሕሩ ውሃ ተለቃለቁ፤ የቧንቧ ውሃ መርዙን ሊያባብሰው ይችላልና ያ ለኋላ ይቆይ። አልቅት ይህን ሁሉ ጣጣ መቼ አምጥቶ ያውቃል?

ላይክራ ደግሞ አያሞቅም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እዚህ ጥሩ ሞገድ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ በየካቲት ውሃው ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ያኔ የሚለበሰው ኒዮፕሪን የሚሉት ወፍራም የጎማ ልብስ ነው፤ ላይክራው ከሥሩ ሆኖ ጎማው አንገትና ብብት እንዳይልጥ ይከላከላል። ልብስ ሰውን ከባሕር ይከላከላል፣ ሌላ ልብስ ሰውን ከልብሱ ይከላከላል! የልጁ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ጋቢ ለብሻለሁ። በሃያኛው መቶ ዓመት የተወለደና በሃያ አንደኛው የተወለደ ሰው ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ስልክ አልወድም። ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚውልበትን ነገር ምኑን እወደዋለሁ? ጠዋት ግን የሞገዱን ከፍታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የፀሐዩን ጉልበት ሳላይበት ከቤት አልወጣም። የፀሐዩ ቁጥር ከ8 ካለፈ በጣም ከባድ ነው፤ እዚህ በሐምሌ ቀትር ላይ ከ10 ሲያልፍ አያለሁ። ይህን ያየሁ ቀን ማልጄ ወይም ወደ ማታ እገባለሁ። መግባት ስል ልጁን ለመጠበቅ ማለቴ ነው፤ እሱ እንኳ ትምህርት ቤት ነው።

ማውለቁን ግን እግዜር ያሳያችሁ። ሲለብሱት ደረቅ ገላ ላይ እሺ ብሎ የገባ ልብስ፣ ውሃ ከነካው በኋላ አልወጣም ይላል። ፊት ተሸፍኖ፣ ሁለት ክንድ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ፣ ክርን ተቆልፎ፣ የማያውቁት ሰው ሁሉ «ሳባ፣ እንርዳህ ወይ» እያለ ሲጎትት አንድ የተከበረ ሽማግሌ ምን ይሁን? ዝም ብላችሁ ወደ ላይ አትጎትቱት። አስቀድማችሁ አንዱን እጅ ከእጅጌው አውጡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ከሥሩ ጠቅልላችሁ በራስ ላይ አሳልፉት። ባሕር ጠባቂው ይህን በድምፅ ማጉያ ባይነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባሕር ዳር የነበረው ሁሉ ሰምቷል።

እጥበቱ ደግሞ የሙሽራ ነው። ከባሕር እንደወጣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መታለቅለቅ አለበት፤ ጨውና አሸዋ ክሩ ውስጥ ተቀምጠው ይበሉታልና። ለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ። በረኪና የለ፣ ማለስለሻ የለ፣ ማጠብ ነው ብሎ መጠምዘዝ የለ፤ ውሃው ተጨምቆ ሳይሆን ጫን ጫን ተደርጎ ይወጣል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም! ፀሐይን ሊከላከል የተሠራ ልብስ ፀሐይ ላይ አይሰጣም! እናቶቻችን እንዶድ የነካውን ሸማ ቁጥቋጦ ላይ ዘርግተው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር፤ ማን ጥላ ፈለገለት? ቅባቱም ከውሃው ብረት ጋር ተገናኝቶ ዝገት የሚመስል እድፍ ይተዋል፤ ቅባቱ ቆዳ ላይ እስኪደርቅ ታግሣችሁ ነው ልብሱን የምታጠልቁት። ሲሰነብትም ብርሃን ላይ ዘርጉና እዩት። ጀርባው ሳስቶ ወዲያ ማዶ ከታያችሁ፣ ወይም ለጥጣችሁ ስትለቁት ካልተመለሰ፣ አንገቱ ላይ የተጻፈው 50 አብሮት አርጅቷል፤ የወለል መወልወያ አድርጉት።

እንግዲህ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ከእነዚያ ሁለት ብርቱካናማዎች አንዱን ከቤተሰቤ አንድ ሰው ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከትቶት ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ወጥቷል። ሁለተኛው ከመታጠቢያ ቤቱ ገመድ ላይ ጠፍቷል። መጠኑ ኤክስኤል ነው፣ እጅጌው ረጅም ነው፣ አንገቱ ውስጥ ስሜ በአማርኛ ተጽፏል። ዓርብ ጠዋት ሞገዱ ዝቅ ያለ ነው ብሎኛል ስልኩ። የወሰደው ሰው እስከ ሐሙስ ማታ አለቅልቆ፣ ሳይጠመዝዝ፣ ጥላ ላይ ያስጣልኝ።